የጎሬው ዋንዛና የእኔ እጅ

የጎሬው ዋንዛ ወደቀ የሚለው ወሬ መቱ የደረሰው የዛፉ ቅጠል ሳይጠወልግ ነው። የካቲት ነበር። ከሰዓት በኋላ ድንገት የተነሣ ንፋስ ዝናብ አስከትሎ መጣና ከሥሩ ገነደሰው አሉ። ከጎሬ የመጣ ሚኒባስ መናኸሪያ ሲገባ የሚወርደው ሰው ሁሉ ያንኑ ያወራ ነበር፤ አንዲት ሴትዮማ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቃ አየኋት። እኔ ጎመኔንና ሳሙናዬን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለዚያ ዛፍ የማለቅስበት ምክንያት የለኝም። ደስም አላለኝም፤ አንባቢ ቶሎ እንዳይፈርድብኝ ይህን ከወዲሁ ልበል።

በሳምንቱ ግን ዛፉ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ከመቱ ወደ ጎሬ በሚያስወጣው መንገድ ባለችው የችግኝ ቦታዬ በር ላይ ባጃጅ ቆመና ሰላም ወረደች። ሰላም የጋሼ ደምሴ የመጨረሻ ልጅ ናት። አባቷ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። እኔ የማውቃት ሕፃን ሆና ነው፤ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። ባጃጁ ላይ ከረጢት ጭና ነበር። ከረጢቱን ገና ሲያወርዱት ምን እንደሆነ ከሽታው አወቅኩት። የበሰለ የዋንዛ ፍሬ ሽታ ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ጠላ ጠላ ይላል።

«እትዬ አስካለ፣ እንዴት ነዎት? ከወደቀው ላይ የለቀምነው ነው» አለችኝ። «ለአባባ ሰባተኛ ዓመት ከዚሁ ዘር ችግኝ አውጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢና እኛ ግቢ ልንተክል አስበናል። ዛፉ ያለ ልጅ እንዳይቀር።»

«እዚያው ጎሬ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ኧረ ጫልቱ ናት ወደ እርስዎ የላከችኝ። እንደ አስካለ ያለ ለምለም እጅ የለም፣ እሷ ከነካችው ድንጋይም ይበቅላል አለችኝ።»

ይህን ያለችው ጫልቱ ናት። ሌላ ሰው ቢለው እንደ ተራ ምስጋና እሰማው ነበር፤ ብዙ ሰው ይለዋልና። ልጅቷን በርጩማ ሰጥቼ አስቀመጥኳት፤ ከረጢቱንም ጥላ ሥር አኖርኩት። የሆነውን ግን አልነገርኳትም። የአባቷ ነገር ነው፤ እሷ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነበርኩ። ክልሉ ተቋቁሞ የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በቁቤ መጻፍ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ከእናቴ ጋር ከጎሬ ወርደን መቱ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ አረቄ አትሸጥም፣ ጠላ አትጠምቅም፤ የምትሸጠው በርበሬና ቅመም ብቻ ነበር፤ የገበያ ቀን ዝናብ ከጣለ ደግሞ እሱም አይሸጥም። ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ የማይጥልበት የገበያ ቀን ስንት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቃል። እንግዲህ ከከተማው በታች፣ ወንዝ ዳር በነበረው የችግኝ ጣቢያ በኮንትራት ስቀጠር ለቤታችን ትልቅ ነገር ነበር። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዛሬ ቦታውም ቤት ተሠርቶበታል።

የጣቢያው ኃላፊ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ዛሬም «ናቸው» እላለሁ፤ ልማድ ነው። ከሰሜን መጥተው ጎሬ ከሰፈሩ የድሮ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነበሩ፤ እንደኛው። ሚስታቸው እትዬ ወርቅነሽ ደግሞ የክርስትና እናቴ ናቸው። ሥራውን ያገኘሁት በዚህ ነው ብሎ የሚያማኝ ነበር፤ እውነቱንም ነው። ጋሼ ደምሴ የተቀጠርኩ ዕለት እናቴ ፊት «ዘንድሮ የዋንዛውን መደብ ለሷ እሰጣታለሁ፤ ካማረላት በቋሚነት አስቀጥራታለሁ» አሉ። እናቴ እጃቸውን ሳመች። ያ ዓመት ለእኔ ያ ብቻ ነበር፤ የዋንዛው መደብ ማማር አለበት።

ዋንዛው ለከተሞቹ ነበር። ከመቱ በጎሬ አድርጎ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ፣ በየከተማው ዳርና ዳር እንዲተከል ከላይ ታዟል። ጋሼ ደምሴ ትእዛዙን እንደሰሙ ዘሩ ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ እንኳ አላሰቡም። ጎሬ በሚገኘው ግቢያቸው አያታቸው ሲሰፍሩ ጀምሮ የነበረ ነው የሚባል ዋንዛ አለ። ግንዱን ብዙ ሰው ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ሽማግሌዎች ሥሩ ተቀምጠው ያስታርቃሉ፤ ሙሽራ በሥሩ ያልፋል። ጉም ጎሬን ሲሸፍናት ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና ከዚያ ዛፍ አናት በቀር የሚታይ የለም ይሉ ነበር። «የመንገዱ ዛፍ ሁሉ የሱ ልጅ ይሆናል» አሉ ጋሼ ደምሴ፤ ዓይናቸው በራ።

እኔ ግን ያንን ዛፍ በሌላ በኩል አውቀዋለሁ። ጎሬ ያደግን ልጆች የዋንዛ ፍሬ የምንበላው ከየትኛው እንደሆነ በደንብ ለይተን ነበር። ፍሬው ቢጫ ሲሆን ልጣጩን ጨመቅ ስታደርጉት ያ የሚያጣብቅ ማር አፍ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋይ የምንለውን ጠንካራ ዘሩን ጓደኛ ላይ መትፋት ነው። ደህናው ዛፍ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ያለው ነበር፤ ጠና ያለ፣ ቅርፊቱ ገና ያልተሰነጣጠቀ። ለእሱ ድንጋይ እንወረውራለን፣ እንገረፋለን፣ ተመልሰን እንሄዳለን። ወደ ጋሼ ደምሴ ዛፍ የሚሄድ ልጅ አልነበረም። ፍሬው ኩርምት ያለ ነው፤ ልጣጭና ድንጋይ እንጂ ማር የለውም።

ስለዚህ አፌ አላርፍ አለኝ። «ጋሼ፣ የግቢዎ ዛፍ አርጅቷል። ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ብንለቅም አይሻልም?» አልኳቸው።

«ታላቅ ተቀምጦ ከታናሽ ዘር ይለመናል እንዴ?»

«ልጆች እንኳ ከሥሩ አይለቅሙም።»

«ስለሚፈሩት ነው።»

«እኔ ፈርቼው አላውቅም። ፍሬው ስለማይጣፍጥ ነው።»

«ልንበላው ነው ልንተክለው?» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም ከሠራተኛው ሁሉ ፊት «አርጅቷል ትለኛለች! እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወልጄ የለም እንዴ?» አሉ። ሁሉም ተንጫጫ። ሕፃኗ እንግዲህ ሰላም መሆኗ ነው። ሰው ዛፍ አይደለም ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ ግን ለክርስትና እናቴ ባል እንዲህ አይባልም።

ጫልቱን እዚህ ላይ ላስገባት። ጫልቱ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረች፣ እኩያዬ፣ ከጎሬ ወደ ቡሬ ሲወርዱ ካለ የቡና አገር የመጣች ልጅ ነበረች። መቱ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። እኔ በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ እጨርሳለሁ፣ እሷ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ መሐል ላይ እንገናኛለን። ምሳችንን አንድ ላይ ነበር የምንበላው፦ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ፣ አንዳንዴ የበቆሎ ቂጣ። የጎሬው ፍሬ በጆንያ መጥቶ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈን በአሸዋና በአመድ ስናሸው ጣቶቻችን ተጣብቀው አልላቀቅ ሲሉ፣ «አስኩ፣ ባል ያገኘሽ ቀን እንዲህ አድርገሽ ያዢ!» ትለኝ ነበር። ሳቋ ይጋባል። አሁንም እንኳ ይህን ስጽፍ ከንፈሬ ሊፈታ ሲል ያዝኩት።

ታጥቦ የጠራውን ድንጋይ ውሃ ስንሞላበት ብዙው ተንሳፈፈ። ጥቂት አንሥቼ በመዶሻ ሰበርኩ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወይ ደግሞ የተጨማደደ ነገር አለው። ለጋሼ ደምሴ በመዳፌ ይዤ ሄድኩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «የእግዜርን ዘር በመዶሻ የሚሰብር ሰው ምን ሊያገኝ ይፈልጋል? ሂጂ ዝሪ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የዕረፍት ቀን ጫልቱ ወደ ቤተሰቦቿ ይዛኝ ሄደች። ጎሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። አባቷ በወጣትነታቸው ለቡናው ጥላ የተከሏቸው ዋንዛዎች ሙሉ ሰው ሆነው ቆመዋል፤ ግንዳቸው ቀጥ ያለ፣ ፍሬያቸው እንደ ዘለላ የተንዠረገገ። ወፍና ልጅ ሞልቶባቸው ነበር። ድንጋዩን ብሰብረው ውስጡ ነጭ፣ ሙሉ። የጫልቱ እናት ጎደሬውን ከማር ጋር አቀረቡልን፤ ስለ ጎሬው ዛፍ ስነግራቸው «ዋዴሲ ሱን ዱሎሜራ» አሉ፤ ያ ዋንዛ አርጅቷል ማለታቸው ነው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ከጣራው ላይ የተንጠለጠለውን የዘር በቆሎ አሳዩኝ። ለዘር የሚያስቀምጡት ከበቆሎው ራስ መካከል ላይ ያለውን ፍሬ ነው፤ የጫፉንና የግርጌውን ዶሮ ይበላዋል። ይህን የማያደርግ ገበሬ በአገሩ የለም፤ ጋሼ ደምሴም ለጓሯቸው በቆሎ እንዲሁ ያደርጋሉ። ታዲያ ለበቆሎ የሚገባን ነገር ለዛፍ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዛፍ ሲያረጅ እናከብረዋለን፤ ካከበርነው በኋላ ስለሱ እውነት መናገር ነውር ይሆናል።

በቅርጫት ይዘን ተመለስን። ጋሼ ደምሴ ጫልቱ ያመጣችውን አልገፉም፤ ሰው ከቤቱ ያመጣውን መመለስ አይወዱም ነበር፤ ይህችን አልነፍጋቸውም። «መልካም፣ አንድ መደብ ይሰጠው» አሉ። «ግን የቤትን ዘር የቤት ልጅ ነው የምትዘራው። የአባትሽን አንቺ ዝሪ፤ የጎሬውን ደግሞ አስካለ ትዝራ። የእኛው ልጅ ናት።» እንዲህ ነበር ደንባቸው። ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ፤ «የእኛው ልጅ» በማለታቸው። ያ ደንብ ምን እንደሚያመጣብኝ ባውቅ ሁለቱን ዘር በአንድ ባልዲ ደባልቄ እበትነው ነበር።

አፈሩ አንድ ነው። ከአንድ ጫካ ያመጣነው፣ በአንድ ወንፊት የተነፋ። ጥላው አንድ ዳስ ነው። ውሃውን ደግሞ ሁለቱንም መደብ የማጠጣው እኔ ነበርኩ፤ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት የአክስቷን ከብት ታሰማራ ስለነበር አርፍዳ ትመጣለች። የጫልቱ መደብ ግን ቀድሞ አፈሩን ሰነጣጠቀው። ቡቃያው አንድ ላይ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ ብቅ አለ። የእኔ መደብ ዛሬ አንዱ እዚህ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላው እዚያ፤ መሐሉ ራሰ በራ ሆኖ ቀረ። የበቀለውም ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ሲዛወር ቅጠሉ ጠበበ፣ ግንዱ እንደ ክር ቀጠነ፣ ቁመቱ ቆሞ ቀረ። የጫልቱ ግን ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፋ። ፋሲካ አለፈ፣ ግንቦት ገባ፤ ዝናቡ ከቀን ወደ ቀን ሲጠና የእኔዎቹ የሚያድጉ ሳይሆን የሚታገሡ ይመስሉ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም አልልም፤ ደክሞኝ እተኛ ነበር። ጠዋት ግን መደቡ ጋ እስክደርስ እግሬ አይፈታም።

መጀመሪያ ቃሉን ያወጡት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። አንድ ቀን ለባላቸው ምሳ ይዘው መጡና ሁለቱን መደብ አዩ። ሕፃኗን ሰላምን አዝለዋል። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምን ላድርግሽ ልጄ፣ ተክል እጅ ይመርጣል። አንዳንዱ እጅ ደረቅ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እጄ ደረቅ ቢሆን የጫልቱንም ባደረቀው ነበር። ሁለቱንም የማጠጣው እኔ ነኝ።»

«እጅ የሚታየው በዘር ጊዜ ነው እንጂ በውሃ ጊዜ አይደለም» አሉ። ይህን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እዚያው ቆመው የፈጠሩት ሕግ ይመስለኛል። ሲናገሩት ግን ከዳዊት አንብበው ያወጡት ያህል ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ከመካከላቸው አንዷ የጎመን ችግኝ ላቀብላት ስል እጇን ሰበሰበች።

ሰኔ ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ስለነበር ቡትስ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት በጭቃ ተለውሷል። ጋሼ ደምሴ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። እንግዶቹ የጫልቱን መደብ አይተው «ይሄ ነው ዛፍ!» አሉ። ከዚያ የእኔን አዩ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አንዱን ችግኝ በጣቱ ነካ አደረገና «ይሄስ ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጋሼ ደምሴ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው፣ «ዘሩ ከእኔ ግቢ ነው፤ ዛፉ አርጅቶ ኖሯል» ማለት ነው። ሌላኛውን መረጡ። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ እንደ መቀለድም ብለው፣ «ልጃችን ታታሪ ናት፣ ግን እጇ ለተክል አልሆነም። ያኛውን የዘራችው ይህች ናት፤ የእጅ ነገር እኮ ነው» አሉና ጫልቱን አሳዩ። እንግዶቹ ሳቁ። ከእነሱም አንዱ «እኔም ቤት ሚስቴ እንዲህ ናት» አለ።

«ዘሩ ከየት ከየት እንደመጣ ጫልቱ ትናገር» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «አብረን ነው የለቀምነው። አብረን ነው የሰበርነው። ትናገር።»

ሁሉም ወደ ጫልቱ ዞረ። ውሃ ማጠጫውን ይዛ ቆማ ነበር። ዓይኗን ከማጠጫው ላይ ሳታነሣ፣

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዘራሁ፤ በቀለ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉ ነገር ተብሎብኛል። እንደዚያ ያለ አጭር ግን አልሰማሁም።

ማታ ከበሩ ውጭ ጠበቀችኝ። «አስኩ፣ ማሎ» አለች፤ እባክሽ ማለቷ ነው። «ጋሼን ሰው ፊት ውሸታም ላድርጋቸው? አባቴ ከእኔ በታች ስንት ልጅ እንዳለው አይተሻል። ቋሚ ቅጥሩ ለአንዳችን ነው። ለሁለታችን ቢሆን እናገር ነበር።» ቢያንስ አልዋሸችኝም። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። በዚያ ዘመን ነገሩን ሁሉ በብሔርና በቋንቋ የሚተረጉም ሰው በዝቶ ነበርና ለእናቴ «ዘመኑ የነሱ ስለሆነ ነው» ያሏት ጎረቤቶች ነበሩ። አይደለም። የፈረዱብኝ የእኔው ወገኖች ናቸው፤ ዝም ያለችው ደግሞ ያን ቀን እንጀራዋን ያሰበች አንዲት ልጅ ናት። በደሌን ሌላ ሰው ለራሱ ጉዳይ እንዲወስድብኝ አልፈልግም።

ጫልቱ ተቀጠረች። የእኔ ኮንትራት ሲያልቅ አልታደሰም። የሷ መደብ ችግኞች በጋሼ ደምሴ ንግግር ታጅበው መንገድ ዳር ተተከሉ፤ በንግግራቸውም ላይ «የጎሬው ዋንዛ ልጆች» ብለው ጠሯቸው ሲሉ ሰማሁ። እኔ አልነበርኩም። ሰውም ያንኑ አመነ፤ እስከ ዛሬ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የድሮውን የጎሬ ዛፍ የሚያመሰግን ሞልቷል። ያረፈበት ግን የጫልቱ አባት ዛፎች ልጆች ጥላ ሥር ነው።

ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ጎረቤት ጌሾ ሲተክል «አንቺ ተይው» ይሉኛል። ሸንኮራ አገዳ ሲያዛውሩ ልጆቹን ይጠራሉ፣ እኔን ያልፋሉ። ሽማግሌ ሊልክ አስቦ የነበረ የአንድ ሰው እናትም ይህንኑ ሰማች፤ ተክል የሚያደርቅ እጅ ቤት ገብቶ ሌላስ ቢያደርቅ ብላ ተጨነቀች። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ስታርፍ በዚችው ቦታ ላይ ብቻዬን መዝራት ጀመርኩ። ለማንም ሳልናገር ነበር። ያኔ የጀመርኩትን ክርክር ከሰው ጋር መጨረስ ስላልቻልኩ ከዛፎቹ ጋር ልጨርሰው ብዬ ነው። ከአጥሬ ሥር ከነበረ ጎረምሳ ዋንዛ የመጀመሪያ ፍሬውን ለቅሜ ዘራሁ፤ እሱም ከንቱ ሆነ፤ ፍሬው ጥቂት፣ ብዙው ባዶ፣ ችግኙም ደካማ። ለካ ልጅነቱም እንደ እርጅናው ነው። ያልደረሰውንም፣ ያበቃለትንም ትቼ በሙሉ ጉልበቱ ያለውን እናት ዛፍ መፈለግ ያዝኩ። ጥቁር እንጨትም ሆነ ግራቪሊያ፣ ከየመንደሩ ዞሬ የማየው መጀመሪያ ግንዱን ነው፤ ቀጥሎ ወፎቹን። ከኡካም ከቡሬም ሰው መጥቶ ይገዛኝ ጀመር። ያን ጊዜ ደግሞ ቃሉ ተገለበጠ። «እጇ ለምለም ነው» ይሉ ጀመር። እሱም ከደረቁ እኩል ያናድደኛል። እጅ አይደለም እላለሁ፤ እናት ዛፉን ነው የምመርጠው እላለሁ። «ትሕትናዋ!» ይሉኛል። ባልዲ ሙሉ ዘር ሰብሬ ላሳያቸው ብነሣ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ይሄዳሉ።

እና ሰላም በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ስትጨርስ፣ ከከረጢቱ ጥቂት አወጣሁና ልጣጩን ፈልፍዬ ድንጋዩን ፊቷ ሰበርኩት። ባዶ። ሌላ ሰበርኩ። ባዶ። ሦስተኛው ውስጥ የሆነ ቡናማ ነገር ነበር።

«አየሽ ልጄ? ዛፉ አርጅቶ ነበር። አባትሽም እያሉ አርጅቶ ነበር።»

አየች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ በደንብ አየች። ከዚያም ፈገግ ብላ፣ «ግድ የለም እትዬ፣ የእርስዎ እጅ ከነካው ይበቅላል» አለችኝ። ባጃጁ ውጭ ጥሩምባ አሰማ። ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ከረጢቱን ልወረውረው ዳዳኝ። አልወረወርኩትም። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎሬን አልፌ ወረድኩ። የጫልቱ አባት የሉም፤ ዛፎቻቸው ግን አሉ፤ ጠንተው፣ ገና ፍሬ የከበዳቸው። ጫልቱ እዚያው ቤት ነው ያለችው፤ ከሥራ ወጥታ የአባቷን ቡና ትይዛለች። በአጥሩ ላይ ሆና አየችኝ። ሸብታለች።

«አስኩ፣ ግቢ እንጂ» አለች።

«ዘር ልለቅም ነው የመጣሁት። ለሰላም ምን ብለሽ ነው የላክሽብኝ?»

«ደግ ነገር ነው ያልኩት» አለች፤ ድምፅዋ ቀነሰ።

«እውነቱን ታውቂዋለሽ።»

«አሁን ማንን ይጠቅማል?» አለች ጫልቱ። እናቷ ያኔ ያቀረቡልንን የመሰለ ጎደሬ በሳህን አምጥታ አጥሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቅርጫቴን ሞላሁ። ጎደሬውን አልበላሁም።

አሁን ሁለት መደብ አለኝ፤ ጎን ለጎን፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ጥላ ሥር። በአንዱ የሰላም ዘር አለ፣ በሌላው የጫልቱ አባት ዛፎች ዘር። ሰኔ ላይ ሰላም ስትመጣ ሁለቱንም አሳያታለሁ፤ ጫልቱንም አስጠርቼያለሁ፣ ትመጣ እንደሆነ። ያኔ ሁለት ልጆች ስለዘሩት የሚያሳብቡበት እጅ አገኙ። ዘንድሮ ሁለቱንም መደብ የዘራሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ጠዋት፣ በዚህ በቀኝ እጄ። እስቲ አሁን ምን እንደሚሉ ልስማ። ምናልባት አንደኛውን ቁርስ ሳትበላ ነው የዘራችው ይሉ ይሆናል።